የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ፕሪንተርን ከኮምፒውተር ጀርባ ነቅሎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ መልሶ ሲሰካ ከቀድሞው ቀዳዳ ጎን ወዳለው ያስገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው በጽሕፈትና ኮፒ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ያንኑ ፕሪንተር እንደ አዲስ መጤ ይቆጥረዋል። ስሙን ይጽፍና ከጎኑ «ኮፒ 1» ብሎ ይጨምርበታል። የድሮውም ስም ከዝርዝሩ አይወጣም፤ ደብዝዞ፣ ኦፍላይን ተብሎ ይቀመጣል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንዲያትም ሲያዙት ሥራው ወደሌለው ፕሪንተር ይሄዳል፤ ያለው ፕሪንተር ወረቀቱን ታቅፎ ዝም ይላል።

ምክንያቱን ያስረዳኝ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ ኮምፒውተር ሊጠግን የሚመጣ ወጣት ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ሁሉ ስለ ራሱ ለኮምፒውተሩ ሁለት ቁጥር ይናገራል፤ አንዱ የሠራውን ኩባንያ፣ ሁለተኛው ሞዴሉን ያመለክታል። እነዚህን ግን አብረውት ከፋብሪካ የወጡ መሰሎቹ ሁሉ ይጋሯቸዋል። ከዚህ ሌላ የእሱ ብቻ የሆነ ሲሪያል ቁጥር የያዘ ዕቃ አለ፤ ያልያዘም አለ፤ ደንቡ አያስገድድም። ሲሪያል ያለውን ዊንዶውስ የትኛውም ቀዳዳ ላይ ቢሰኩት ያውቀዋል። የሌለውን የሚያውቀው በተሰካበት ቦታ ነው። ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ካደረጉት ሌላ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሰው ሰውን የሚያውቀው በምኑ ነው፤ በራሱ ነው ወይስ በተተከለበት ቦታ? ከቦታው የተነቀለ ሰውስ ያው ሰው ነው ወይ?

አቃቂ ቃሊቲ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ መራቀቅ አይደለም። ይህ ክፍለ ከተማ የተሠራው በመጡ ሰዎች ነው። የጅቡቲው ባቡር አቃቂ ላይ ጣቢያ ነበረው፤ ፋብሪካዎቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሠራተኛ ሰበሰቡ፤ አባቴም ከጋሞ ደጋ ወርዶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባው እንዲሁ ነው። ቆይቶ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው መጡ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከመሀል ከተማ የተነሡ ቤተሰቦች ወደዚህ መጥተዋል፤ ከካዛንቺስ ከተነሡት ብዙዎቹ ያሉት ገላን ጉራ ነው። ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የማየው ማመልከቻውን ነው።

ለውኃ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ዝውውር፣ ለመታወቂያ ማመልከቻ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። አጻጻፉ የታወቀ ነው፦ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ቤቱ ገና ቁጥር ካልተሰጠው በዚያ ቦታ «አዲስ» ተብሎ ይሞላል። አንዲት እናት ይህንን ስጽፍ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዲስ ነው እማማ። ቁጥር እስኪሰጣችሁ እንዲያ ነው የሚባለው።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነኝ?»

«ቤቱን ነው እማማ፣ እርስዎን አይደለም።»

«እሱማ ገብቶኛል» አሉና የካዛንቺሱን የቤት ቁጥራቸውን ነገሩኝ፤ ወረዳውን፣ ከወረዳው በፊት የነበረውን ቀበሌ፣ የዕድሩ ድንኳን ማን ግቢ ይቀመጥ እንደነበር፣ በየትኛው አጥር ተሻግሮ ቡና ይጠራራ እንደነበር። ከዚያ «እዚህ ብሞት የሕይወት ታሪኬን ማን ያጽፍልኛል?» አሉ። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው እንደ እኔ ሱቅ ባለ ቤት ነው። ቀብር ላይ የሚነበበውን ወረቀት የዕድር ሰዎች ወይም ጎረቤት ይዘው ይመጣሉ፤ ሰውየው የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ከማን ጋር በምን እንደኖረ ቆመው እየተረዳዱ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። የእማማ ጥያቄ ምሬት ብቻ አልነበረም። የሚያውቋቸው ሰዎች ወደ ተለያየ ቦታ ከተበተኑ፣ እርሳቸውን እርሳቸው ያደረገው ነገር የት እንደተቀመጠ ነው የጠየቁኝ።

በቦታ ብቻ መታወቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሱቄ ውስጥ አለ። ጀርባው በቀለምና በቅርጽ የተከፋፈለ ነው፦ ክቡ ሐምራዊ ለኪቦርድ፣ ክቡ አረንጓዴ ለማውዝ፣ ሰማያዊው ባለ15 ቀዳዳ ለሞኒተር፣ ረጅሙ ሮዝ ባለ25 ለፕሪንተር። ክቦቹን አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣቸው። በዚያ ሥርዓት ማንም ዕቃ ማንነቱን አይጠየቅም፤ ቅርጹና ቀለሙ ተናግረውለታል። ኪቦርድ የኪቦርድን ቀዳዳ ያገኛል፤ ሌላ ቦታ አይሠራም። ደግሞም ሁሉም ከመብራቱ በፊት በቦታው መሆን አለበት። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ዘግይቶ የተሰካ ኪቦርድ፣ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ እንደሌለ ይቆጠራል።

እኛም እንዲህ ነበርን። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ የሚኖሩበት ጠርዝ፣ የሚያገቡት ወገን፣ የሚቀመጡበት መደብ ተለይቶ ነበር። አያቴ ሸማኔ ነበር። የሠራውን ጋቢ የለበሰው ሰው ቤቱ አያስገባውም ነበር፤ በዓይኑ ይበላል እየተባለ ይፈራ ነበር። ሰው በተወለደበት ቅርጽ ብቻ ሲታወቅ እንዲህ ይሆናል። አባቴ ይህን ሲያነሣ ድምፁ ይቀየር ነበር። ፋብሪካው በር ላይ የማን ልጅ ነህ ያለው እንዳልነበረ ግን እስኪሞት ድረስ በኩራት ይናገር ነበር። ስለዚህ የድሮው ሰፈር የጠፋብን ገነት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቦታ ሰውን ያሳውቃል፤ ቦታ ሰውን ያስራልም።

ዩኤስቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የለወጠው ይህንን ነበር። ሰባት ኩባንያዎች ተስማምተው፣ በኢንቴል ይሠራ የነበረው ሕንድ የተወለደው አጃይ ባት ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀዳዳ ሠሩ። ኪቦርድም፣ ፕሪንተርም፣ ካሜራም፣ የጣት አሻራ ማንበቢያም በአንድ በር ይገባል፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ይገባል፤ ዘግይቶ መምጣት ጥፋት መሆኑ ቀረ። ግን ቅርጽ ሲተው የማወቅ ሥራ ወደ ሌላ ዞረ። አሁን መጠየቅና መመለስ ያስፈልጋል።

አጠያየቁን ወጣቱ ሲያስረዳኝ ነው ስለ እንግዳ ማሰብ የጀመርኩት። በዩኤስቢ ሥርዓት ዕቃው ቀድሞ አይናገርም። ሲሰካ ከመስመሮቹ አንዱን ከፍ ያደርጋል፣ ይኸው ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እንደማለት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ባለቤቱ ኮምፒውተር ነው፣ የሚመልሰው እንግዳው ነው። አዲስ የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ መጀመሪያ አድራሻው ዜሮ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ በዜሮ እንዲቆም ይደረጋል። ኮምፒውተሩ እሱን ብቻ አነጋግሮ፣ ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ሰጥቶ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁለት እንግዶች በአንድነት ዜሮ ላይ ቢቆሙ ሁለቱም በአንድ አፍ ይመልሳሉ፣ ማንም አይሰማም። በወረዳ መስኮት ፊት የሚጋፋውን ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ይህ ይመጣብኛል። አንዱን ብቻ አይቶ፣ ጠይቆ፣ መልሱን ጨርሶ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን ኃይሉ ነው። የተለመደውን ጠፍጣፋ የዩኤስቢ ጫፍ ብትመለከቱ አራት የነሐስ መልክ ያላቸው መስመሮች አሉት። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ መሀል ያሉት ሁለቱ ንግግር የሚያልፍባቸው። የዳሮቹ ከመሀሎቹ ይረዝማሉ። ስለዚህ ሲሰካ መጀመሪያ የሚነካካው ኤሌክትሪኩ ነው። 5 ቮልቱ ከጥያቄው በፊት ይደርሳል። ማንነቱ ገና ያልታወቀ ዕቃ በመጀመሪያው ደንብ እስከ 100 ሚሊአምፔር እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ ተናግሮ፣ ታውቆ፣ ከተመዘገበ በኋላ እስከ 500። ይህን ደንብ የጻፉት መሐንዲሶች ስለ ደግነት እያሰቡ አልነበረም፤ ኃይል ያላገኘ ዕቃ አፍ አውጥቶ መናገር ስለማይችል ነው። ለእኔ ግን ምክንያቱ ራሱ እውነት ነው። የተራበና የደከመ ሰው ማንነቱን መናገር አይችልም። መጀመሪያ እግሩን አጥበው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው፣ ከዚያ ነው «ከወዴት መጣህ?» የሚባለው። የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል ስሙን አልተናገረም፤ ሳይናገርም ይገባ ነበር።

ሐምሌ 7 የሥላሴን በዓል የምናከብረውም እንዲህ ካለ እንግዳ አቀባበል ጋር ተያይዞ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን እንደሚተረከው አብርሃም ያለ እንግዳ አይበላም ነበር። ሰይጣን ይህን ለማስቀረት ራሱን አድምቶ፣ ልብሱን ቀዶ መንገድ ላይ ቆመና ለአላፊው ሁሉ አብርሃም ደበደበኝ እያለ አስወራ። ሰው ቀረ። አብርሃም ሦስት ቀን ሳይበላ እንግዳ ጠበቀ። ከዚያ በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱ መጡ። ሮጦ ተቀበላቸው፣ ውኃ አቀረበ፣ ሣራ ዱቄት ለወሰች፣ ጥጃው ታረደ። ማን ናችሁ አላለም። እነማን እንደነበሩ የታወቀው ከምግቡ በኋላ ነው።

የፍርዱንም ቀን ወንጌሉ ሲነግረን አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ተሰብኮ ሰምቼ ሳላስተውለው የኖርኩት። በቀኝ የቆሙትም በግራ የቆሙትም ጌታን መቼ አየንህ ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም አላወቁትም! ጻድቃኑ ከኃጥአኑ የተለዩት በማወቅ አልነበረም፤ ሳያውቁ በሰጡት እንጀራና ውኃ ነው። ስለዚህ ሰው ሰውን በምኑ ያውቀዋል የሚለው ጥያቄዬ ሁለተኛ ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። ከእሱ የሚቀድም አለ፤ ላላወቁት ሰው ምን ያህል ይሰጣል የሚል።

ይህንን ስል የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ፍላሽ ተቀብዬ የምሰካ ሰው ነኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የሚባሉ ተመራማሪዎች ፍላሽን ውስጡን ለውጠው ኪቦርድ ነኝ እንዲል ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ኮምፒውተሩ የተባለውን ያምናል፤ ዕቃው የሚናገረውን የሚያመሳክርበት ሌላ ምስክር የለውም። ፍላሹም እንደ ኪቦርድ ትእዛዝ እየጻፈ የፈለገውን ያደርጋል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ይህን ፈርቶ ቀዳዳዎቹን ዘግቷል፤ አልፈርድባቸውም። የሰይጣኑም ትረካ ይህንኑ ያስታውሰናል፤ ቁስል ለብሶ የሚዋሽ አለ። እዚህ ቃሊቲ ጉምሩክ ዕቃ ሲገባ አስመጪው ዲክላራሲዮን ይሞላል፤ ቀይ መስመር የወጣበት ግን ተከፍቶ ይታያል። ቃል ብቻ የማይበቃበት ቦታ አለ።

ግን መቶው ሚሊአምፔር እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። ላልታወቀ እንግዳ የሚገባው ውኃ፣ እሳት፣ መቀመጫ ነው፤ የጎተራው ቁልፍ አይደለም። ቁልፉን መከልከል ጥንቃቄ ነው። ውኃውን መከልከል ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ስሙን ጥንቃቄ ማለት አይገባም። በየሰፈሩ የማየው ስሕተት የሁለቱ መደበላለቅ ነው። «እነዚህ ከመሀል ከተማ የመጡት» ብሎ ሰላምታ የነፈገ ሰው ምንም ነገር አልጠበቀም።

ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። አማኝ ነኝና መልስ አለኝ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣል። እኔን ወለተ ገብርኤል ይሉኛል። ይህን ስም ጎረቤቶቼ አያውቁትም፤ መተት በመፍራት የሚደብቁትም አሉ። ግን ቄሱ ሲያቆርቡን፣ ሲጸልዩልን፣ ሬሳ ላይ ፍትሐት ሲያደርሱ የሚጠሩት እሱን ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ለልጃቸው በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣሉ፤ በዚያ ስም ነው በትንሣኤ የሚጠሩት ብለው ያምናሉ። ይህ ስም ሰፈር የለውም። ካዛንቺስም ገላን ጉራም ያው ነው። «ሐተታ» የተባለውን የፍልስፍና ድርሳን የጻፈው ማን ነው በሚለው ላይ ምሁራን ቢከራከሩም፣ ዘርዓ ያዕቆብ በዚያ ስለ ራሱ ሲተርክ በክርስትና የወጣለት ስም ዘርዓ ያዕቆብ እንደሆነ፣ ሰዎች ግን ወርቄ እንደሚሉት ይነግረናል። ከአክሱም ሸሽቶ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ሲገባ ወርቄ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ሊጸልይ አፉን ሲከፍት ግን ማንነቱን ማስረዳት አላስፈለገውም።

መንግሥትም አሁን ወደዚህ የሚቀርብ ነገር ጀምሯል። የቀበሌ መታወቂያ በቀበሌ የታሰረ ነበር፤ ስትለቂ መልቀቂያ፣ ስትገቢ ሌላ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ ግን ሰውየው የትም ቢሄድ የማይለወጥ 12 አሃዝ ነው። ሲመዘግቡ አይቻለሁ፤ የአሥሩ ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን ብሌን፣ የፊት ፎቶ፤ ሁሉም መሣሪያ በዩኤስቢ ተሰክቶ። አባቴ በሕይወት ቢኖር አሻራው እንደሚያስቸግራቸው አውቃለሁ፤ የክር ማሽን ጣቶቹን ልጦ አለስልሶት ነበር። ዓይኑ ይመሰክርለት ነበር። ይህን ቁጥር እደግፈዋለሁ። ሰው በቦታው ምክንያት እንደ «ኮፒ 1» መቆጠሩን ያስቀራል።

ቢሆንም ለእማማ አይበቃም። ፋይዳ ቁጥራቸውን ይዘዋል፤ እግዚአብሔር በክርስትና ስማቸው ያውቃቸዋል፤ በዚህ አልተጠራጠሩም። የጎደላቸው የሰው ማወቅ ነው። እኛ ሰዎች የሌላውን ሲሪያል የምናነብበት ዓይን አልተሰጠንም። በአጥር፣ በቡና፣ በለቅሶ ነው የምንተዋወቀው፤ ማለት በቦታ። ይህ ድካማችን ነው፤ ውበታችንም ነው፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ከዚህ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይከተላል ብዬ አምናለሁ፦ የመጣውን ሰው ማወቅ የመጣው ሰው ግዴታ አይደለም። ቀድሞ ለነበረው ነው የተሰጠው። እንግዳ «ቤቶች!» ብሏል፤ መጠየቅ የባለቤት ነው።

ገላን ጉራ ከገቡት መካከል አዲስ ዕድር የሚያቋቁሙ ሰዎች የአባላት ቅጽ እንድጽፍላቸው ወደ እኔ መጥተው ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ አሉኝ። «የቀድሞ ሰፈር» የሚል ዓምድ ልጨምር አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ተቃወሙ፦ «ልጄ፣ እሱን ካስገባሽ የካዛንቺስ ሰው ከካዛንቺስ፣ የሌላው ከሌላው ይሰበሰባል። እዚህ የነበረው የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይሞላል?» ሐቅ አላቸው። በቅርጽ መለያየት እንዴት እንደሚጀምር ከአያቴ ታሪክ አውቃለሁና ወዲያው መልስ አላገኘሁም። የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው የፈቱት፤ ዓምዱ ይግባ፣ ግን ከስም ቀጥሎ ሳይሆን መጨረሻ ላይ፣ ቀድሞ እዚህ የነበረውም ይሙላ፣ ክፍያም ሆነ ምድብ በእሱ እንዳይወሰን በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ አሉ።

ቅጹ ተሞልቶ ለጽሕፈት ሲመለስልኝ ያችን ዓምድ ባዶ የተዋት ጥቂት ነው። ብዙዎቹ መስመሩ አልበቃቸውም፤ የቀበሌ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የቀድሞ ዕድራቸውን ስም እስከ ኅዳጉ ድረስ ጽፈዋል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ አባል አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበትን የአባቱን የጤፍ ማሳ ጽፏል። ለሚቀጥለው ኅትመት ዓምዱን ሦስት መስመር እንዳደርገው ጸሐፊውን ጠይቄያለሁ፤ ገጹ ሁለት ይሆናል፣ የኮፒ ዋጋም ይጨምራል ብለዋል፤ ጭማሪውን እኔ እችላለሁ ብያለሁ።